ያለፈ ዋጋ ስለ ነገ ምን ያውቃል?

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ የምኖር፣ ፋርማሲ ውስጥ የምሠራ ሴት ነኝ። ከሁለት ወር ተኩል ወዲህ በስልኬ አክሲዮን እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ። የማየው ቻርት ብቻ ነው፤ ሙቪንግ አቬሬጅ (ያለፉ ቀናት የዋጋ አማካይ መስመር)፣ ሰፖርት (ዋጋው ሲወርድ የሚቆምበት ቦታ)፣ ሬዚስታንስ (ሲወጣ የሚቆምበት)። ከ11 ግብይት በ8ቱ አትርፌያለሁ። የእህቴ ባል ፋይናንስ የተማረ ነው። ‹ይኼ ሲኒ ከማንበብ አይለይም፣ ያለፈ ዋጋ ስለ ነገ ምንም አይናገርም› ይለኛል። የማይሠራ ከሆነ ለምን ይሠራልኛል? የሚሠራ ከሆነስ ምክንያቱ ምንድን ነው? አዲስ አበባ ለተከፈተው ገበያስ ይጠቅመኛል?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ 8ቱ ትርፍ እናውራ። ሳንቲም 11 ጊዜ ብትወረውሪ፣ 8 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ዘውድ የሚወጣበት ዕድል ከ9 አንድ ያህል ነው። የሥራ ባልደረቦችሽ ዘጠኝ ሆነው ሳንቲም ቢወረውሩ፣ ከመካከላቸው አንዱ ዛሬ «እኔ ተሳክቶልኛል» ብሎ ይጽፍልኝ ነበር ማለት ነው። ገበያው በሙሉ በዚያ ሰሞን እየወጣ ከነበረ ደግሞ ዕድሉ ከዚህም ይሰፋል። እና 11 ግብይት ላንቺም አይመሰክርም፣ ለእህትሽ ባልም አይመሰክርም። ወደ ጎን እናድርገው።

ጥያቄሽ ግን ጥሩ ነው። ቻርት የሚያስተምሩ ሰዎች «ይሠራል» ይሉሻል፤ ለምን እንደሚሠራ ስትጠይቂያቸው ሌላ ቻርት ያሳዩሻል። የሚቃወሙት ደግሞ «ሊሠራ አይችልም» ብለው ይዘጉታል። የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ይሠራል፤ ግን በጥቂቱ፣ በአንዳንድ ቦታ፣ ምክንያት ሲኖረው። ምክንያት በሌለበት ቦታ ቻርት ሥዕል ነው።

ራሴን ላስተዋውቅ። ዘጠኝ ዓመት ኒውዮርክ ውስጥ የትልልቅ ፈንዶችን የመግዣና የመሸጫ ትዕዛዝ በሚያስፈጽም ክፍል ሠርቻለሁ። የምነግርሽ ግማሹ ከታተመ ጥናት ነው፤ ግማሹ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የእህትሽ ባል የተማረው ነገር የዋዛ አይደለም። ኢኮኖሚስቱ ዩጂን ፋማ በ1970 አጠናቅሮ ያሳተመው ሐሳብ ነው። አንድ አክሲዮን ነገ 60 ዶላር እንደሚገባ ከቻርቱ በግልጽ የሚታይ ቢሆን፣ ዛሬ በ55 የሚሸጥልሽ ሞኝ ማን ነው? ያየው ሁሉ ዛሬውኑ ይሻማል፤ ዋጋውም ዛሬውኑ 60 ይገባል። ለነገ የሚተርፍ የለም። ክርክሩ ጠንካራ ነው። ፋማ በ2013 ኖቤል ተሸልሞበታል። በዚያው ዓመት ሽልማቱን ከተካፈሉት አንዱ ሮበርት ሺለር ነበር፤ የአክሲዮን ዋጋ ከሚገባው በላይ እንደሚዋዥቅ በማሳየት የታወቀ ሰው። ኮሚቴው ሁለቱንም ሸልሞ ወደ ቤት ሸኛቸው። ያን ቀን ክፍላችን ውስጥ ብዙ ተሳቀ።

እንግዲህ «ቻርት ይሠራል» የሚል ሰው የፋማን ጥያቄ መመለስ አለበት። ያን ትርፍ ለሌላ ሰው ትቶ የሚሄደው ማን ነው? ለምንስ ይተወዋል? ይህ ካልተመለሰ የቀረው ወሬ ነው።

መጀመሪያ የማውቀው ሰው ገንዘቡ የበዛበት ነው።

አንድ የጡረታ ፈንድ የአንድ ኩባንያ 2 ሚሊዮን አክሲዮን ለመግዛት ወሰነ እንበል። አክሲዮኑ በቀን 4 ሚሊዮን ያህል ይገበያያል። ትዕዛዙ እኛ ጋ ሲደርስ «አሁኑኑ ግዛ» አይልም። አሁኑኑ ከገዛ ሻጭ ያልቅበታል፤ ዋጋውን ራሱ ሰቅሎ ራሱ በውድ ይገዛል። ስለዚህ «ከቀኑ ግብይት ከ10 በመቶ አትለፍ» እንባላለን። በቀን 400 ሺህ ማለት ነው። ይኸውልሽ፣ አምስት የሥራ ቀን። ደግሞ ይህ ፈንድ ብቻውን አይደለም። እሱን የሳበው ነገር ሌሎቹንም ይስባል። የአንዱ ኮሚቴ በዚህ ሳምንት ይሰበሰባል፤ የሌላው በሚቀጥለው ወር። ሦስተኛው ጥሬ ገንዘብ የሚገባለት በሩብ ዓመቱ መጀመሪያ ነው። ሁሉም ያንኑ አክሲዮን ይፈልጋሉ፤ ሁሉም ቀስ ብለው ይገባሉ።

ሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እስከ ዓርብ ገዢ እንዳለ አውቃለሁ። ይህን ለሌላ ሰው ማውጣት ወንጀል ነው፤ አውጥቼም አላውቅም። ቻርቱ ግን ያወጣዋል። ዋጋው ጥቂት ይወጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይወጣል። ወረድ ሲል ከሥር የሚያነሳው አለ። ቮሊዩሙ፣ ማለትም የሚገበያየው አክሲዮን ብዛት፣ ከወትሮው ይበልጣል። አዳኝ አውሬውን ሳያየው በዱካው መጠኑንና አቅጣጫውን እንደሚያውቅ፣ ውጭ ያለ ሰው የእኔን ደንበኛ በስም ሳያውቀው መኖሩን ያውቃል። ትሬንድ (ዋጋው የያዘውን አቅጣጫ) መከተል የሚባለው ነገር ከዚህ ዱካ ማንበብ ብዙም አይርቅም። እኛ ደግሞ ዱካችንን ለማጥፋት ሙሉ ቀን እንለፋ ነበር። ትዕዛዙን እንቆራርጠዋለን፣ ሰዓቱን እንቀያይራለን፣ አንዳንዴ ሆን ብለን እናርፋለን። ቻርት ምንም የማይናገር ቢሆን ኖሮ ለዚህ ሥራ ደመወዝ የሚከፍለኝ አልነበረም።

ጥናቱም ይህንኑ ይላል። ጀጋዲሽና ቲትማን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1993 ባወጡት ሥራ ከ1965 እስከ 1989 ያለውን የአሜሪካ ገበያ አዩ። ባለፉት 6 ወራት ከሌሎች የበለጠ የወጡ አክሲዮኖች በቀጣዮቹ 6 ወራትም በአማካይ ከሌሎች በልጠው ቀጠሉ። አሸናፊዎቹን መግዛትና ተሸናፊዎቹን መሸጥ፣ ወጪ ሳይቆረጥ፣ በወር ወደ 1 በመቶ ይሰጥ ነበር። ሞመንተም ይሉታል። በኋላ በብዙ አገሮችም ታይቷል። ፋማና ባልደረባው ኬኔት ፍሬንች ሞዴላቸው ይህን ማስረዳት እንዳቃተው ራሳቸው በ1996 ጽፈዋል። ለእህትሽ ባል ይህቺን ንገሪው፤ ፊቱን ማየት ነው።

የዘገየው ገንዘብ ብቻም አይደለም፣ ወሬም ይዘገያል። ቦልና ብራውን የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1968 እንዳሳዩት፣ አንድ ኩባንያ ካልተጠበቀ ትርፍ ጋር ሲመጣ ዋጋው በዚያው ቀን ዘልሎ አያበቃም። ለወራት ወደዚያው አቅጣጫ ማዘንበሉን ይቀጥላል። ሁሉም ሰው ዜናውን በአንድ ቀን አያነብም፤ ቢያነብም በአንድ ቀን አያምንም።

ሁለተኛውን ሰው ለማግኘት ዎል ስትሪት መሄድ አያስፈልግሽም። አዲስ አበባ መኪና ወይም ቤት ለመሸጥ የሞከረ ዘመድ ካለሽ ታውቂዋለሽ። «የገዛሁበትን ካላመጣልኝ አልሸጥም!» ይላል። ገዢውን የእሱ የመግዣ ዋጋ ምን አገባው? ምንም። እሱ ግን ከዚያች ቁጥር በታች መሸጥ ሞኝነቱን በፊርማ ማጽደቅ ይመስለዋል።

ቴራንስ ኦዲን የሚባል ተመራማሪ በ1998 የአንድ አሜሪካ ብሮከር ደንበኞች የሆኑ 10 ሺህ ሒሳቦችን መርምሮ ይህን በቁጥር አሳየ። ሰዎች መሸጥ ከሚችሉት አትራፊ አክሲዮን 14.8 በመቶውን ሲሸጡ፣ ከከሰረው የሸጡት 9.8 በመቶውን ብቻ ነበር። ያተረፈውን ቶሎ ይሸጣሉ፤ የከሰረውን አቅፈው ይቀመጣሉ።

አሁን ይህን ሰው በብዙ ሺህ አባዢውና ቻርት ላይ አስቀምጪው። አክሲዮኑ 50 ላይ ብዙ ሰው ገዛው፤ ከዚያ ወደ 40 ወረደ። እነዚያ ሁሉ ለወራት «50 ብቻ ይመለስልኝ፣ ወጥቼ እገላገላለሁ» እያሉ ይኖራሉ። ዋጋው 49 ከ50 ሲደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሻጭ ይሆናሉ። ቻርቱ እዚያ ጋ ይቆማል። አንቺ ሬዚስታንስ ብለሽ መስመር ታሰምሪበታለሽ። መስመሩን የሠራው ጸጸት ነው። ሰፖርትም እንዲሁ። 40 ላይ ሳይገዛ ያመለጠው ሰው 55 ሲደርስ እጁን ይነክሳል፤ ወደ 40 ሲመለስለት ግን አይለቅም።

ስለ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ በጣም የምወደው ምሳሌ የዳው ጆንስ 1,000 ነው። ዳው የ30 ኩባንያዎች አክሲዮን ዋጋ ተደምሮ በአንድ ቁጥር ሲካፈል የሚወጣ ነገር ነው። 1,000 የሚለው ቁጥር በኢኮኖሚ ምንም ትርጉም የለውም። ሆኖም በየካቲት 1966 ወደ 1,000 ተጠግቶ 995 ላይ ዘጋና ወደ ኋላ ተመለሰ። በ1968 መጨረሻ 985 ደርሶ ደግሞ ተመለሰ። 1,000ን አልፎ የዘጋው ኖቬምበር 14፣ 1972 ነው። ሰው ሁሉ ጨበጨበ። ጃንዋሪ 1973 ላይ 1,051 ደረሰ። ከዚያ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ዲሴምበር 1974 ላይ 577 ገባ። 1,000ን ለዘለቄታው ከኋላው ጥሎ የሄደው በ1982 መጨረሻ ነው። ከ16 ዓመት በላይ አንድ ክብ ቁጥር በር ላይ ሲያንኳኳ ኖረ! ይህን ሁሉ ያደረገው ክብ ቁጥሩ ነው አልልሽም። በመሃሉ የቬትናም ጦርነት አለ፣ የነዳጅ ዋጋ አለ፣ የዋጋ ንረትና ሰማይ የነካ ወለድ አለ። ሰዉ ግን ያቺን ቁጥር እያየ ነበር የሚሸጠው፤ ጋዜጦቹም እሷኑ እያዩ ይጽፉ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት ሰው አይደለም፤ ተጽፎ የተቀመጠ ትዕዛዝ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳምነው ይህ ነው።

ካሮል ኦስለር የምትባል ኢኮኖሚስት ኒውዮርክ ፌደራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ክፍል) ስትሠራ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀች። የውጭ ምንዛሪ ነጋዴዎች ለደንበኞቻቸው የሚልኩት የሰፖርትና ሬዚስታንስ ቁጥር እውነት ይሠራል ወይ? በ2000 ባወጣችው ጥናት፣ በእነዚያ ቁጥሮች አካባቢ ዋጋው ተመልሶ የሚሄድበት ጊዜ በዘፈቀደ ከተመረጠ ቁጥር ይበልጣል። በ2003 ደግሞ ምክንያቱን ይዛ መጣች። በአንድ ትልቅ ባንክ የተቀመጡ የደንበኞች ትዕዛዞችን አግኝታ የት የት እንደተከማቹ ቆጠረች። ትርፍ የመሰብሰቢያ ትዕዛዞች ልክ በክብ ቁጥር ላይ ይከመራሉ። ኪሳራ የማቆሚያ ትዕዛዞች፣ ስቶፕ ሎስ የምትይው፣ ከክብ ቁጥሩ ትንሽ አለፍ ብለው ይከመራሉ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በይ። 50 ላይ የመግዣ ትዕዛዝ ተደርድሯል። ዋጋው ከላይ ሲመጣ እዚያ ጋ ይገጫል፣ ይመለሳል። ሰፖርት ነው። ግድግዳው ካለቀና ዋጋው 49.90 ከገባ ግን ከሥሩ ስቶፕ ሎስ ተከምሯል። ስቶፕ ሎስ ሲነካ ራሱ የመሸጫ ትዕዛዝ ይሆናል። ሽያጩ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ሲል የሚቀጥለውን ስቶፕ ይነካል። እንደ ናዳ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ሌላውን ይዞ ይወርዳል። መጽሐፎቹ «ሰፖርት ሲሰበር በፍጥነት ይወርዳል» የሚሉት ነገር ምሥጢሩ ይኸው ነው። ተአምር የለበትም።

እኔ ክፍል ውስጥ የሚያስቀኝ ነገር ነበር። ደንበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «49.90 ላይ አስቀምጥልኝ፣ ማንም አያስበውም» ይለኛል። ስክሪኔ ላይ ከእሱ በፊት 49.90 ያሉ 30 ሰዎች አሉ። ያንቺም ስቶፕ አሁን እዚያ እንዳለ እጠረጥራለሁ። ሰው ሁሉ ከሚያስቀምጥበት ቦታ ራቅ አድርጊው፤ በርቀቱ ልክም የምትገዥውን ብዛት ቀንሺ።

«የሚሠራው ሁሉም ስለሚያምንበት ነው» የሚል መልስም ትሰሚያለሽ። ግማሽ እውነት ነው። የ200 ቀን አማካይ መስመርን ብዙ ሰው ስለሚያየው ብዙ ሰው እዚያ ጋ እርምጃ ይወስዳል። ግን እምነት ብቻውን ራሱን ይበላል። የሠርግ ቡፌ አስቢ። ሁሉም ሙሽሮቹ ሲነሱ እነሳለሁ ብሎ ይቀመጣል። አንዱ «ክትፎው እንዳያልቅብኝ» ብሎ ቀደም ይላል፤ እሱን ያየ ደግሞ ከእሱ ቀደም ይላል። ሙሽሮቹ ገና ፎቶ እየተነሱ ሰልፉ በር ላይ ደርሷል። መስመሩ ላይ ዋጋው ይነሳል ብሎ ሁሉም ካመነ፣ አንዱ ከመስመሩ ከፍ ብሎ ይገዛል፣ ሌላው ከዚያም ከፍ ብሎ። መጨረሻ ላይ መስመሩ መስመርነቱ ይቀራል። ለዚህ ነው የተገደደ ሰው የምፈልገው። ፈንዱ ቀስ ብሎ ከመግዛት ሌላ ምርጫ የለውም። ስቶፕ ሎስም አያስብም፣ ሲነካ ይሸጣል።

እኔ ማንኛውንም የቻርት ቅርጽ የምፈትነው በዚህች ጥያቄ ነው፦ እዚህ ጋ ለመግዛት ወይም ለመሸጥ የተገደደ ማን ነው? መልስ ካለ አያለሁ። ከሌለ አልፋለሁ። ፊቦናቺ ለምሳሌ፣ ዋጋው ከሄደበት መንገድ 61.8 በመቶ ያህል ሲመለስ ይቆማል የሚለው ሕግ፣ አይመልስልኝም። 61.8 በመቶ ላይ ተገድዶ የሚገዛ የጡረታ ፈንድ በዘጠኝ ዓመት አንድም አላጋጠመኝም። የካንድል ቻርትን እወዳለሁ፤ መክፈቻውን፣ መዝጊያውን፣ ከፍታውንና ዝቅታውን በአንዴ ያሳያል። ከጃፓን የሩዝ ንግድ የመጣ ነው የሚባል አሳሳል ነው፤ የኦሳካው የዶጂማ ሩዝ ገበያ መንግሥታዊ ዕውቅና ያገኘው በ1730 ነው። «መዶሻ» እና «የተንጠለጠለ ሰው» ስለሚባሉት የካንድል ቅርጾች የሚነገረው ትንቢት ግን ለእኔ ወደ ሲኒው ይጠጋል። እዚህ ላይ የእህትሽ ባል ልክ ነው።

ካላመንሽኝ ኤክሴል ክፈቺ። 250 ጊዜ ሳንቲም አስወርውሪው፤ ዘውድ ሲወጣ 1 ይደመር፣ ጎፈር ሲወጣ 1 ይቀነስ። ከዚያ በመስመር ሳዪው። ትሬንድ ታያለሽ። ሰፖርት ታያለሽ። ራስና ትከሻ የሚሉትን የቻርት ቅርጽም ታያለሽ። ዓይናችን ደመና ላይ በግ የሚያይ ዓይን ነው።

እኔም ተበልቼበታለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ማታ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ «አጭሩ አማካይ ረጅሙን ወደ ላይ ሲሻገር ግዛ» የሚሉ ሕጎች እሞክር ነበር። የ10 ቀን አማካይ ከ30 ጋር፣ የ12 ከ47 ጋር፣ የ9 ከ52 ጋር። ወደ 400 ጥምረት ሞክሬ አንደኛ የወጣውን መረጥኩ። ባለፉት 15 ዓመታት መረጃ ላይ ሲታይ የገንዘብ ማተሚያ ማሽን ነበር። በራሴ ገንዘብ ጀመርኩት። በ14 ወር ውስጥ ከቁጠባዬ ሲሶው ሄደ። ስህተቴ ዛሬ ግልጽ ነው። 400 ሰው ሎተሪ ካስቆረጥሽ አንዱ ይደርሰዋል፤ ሎተሪ የማወቅ ችሎታ አለው ማለት ግን አይደለም።

ይኸው ነገር በምሁራኑም ላይ ደርሷል። በ1992 ብሮክ፣ ላኮኒሾክና ለባሮን 26 ቀላል የቻርት ሕጎችን ከ1897 እስከ 1986 ባለው ዳው ላይ ፈትነው ይሠራሉ አሉ። 90 ዓመት ቀላል አይደለም፤ ቻርተኞች ደስ አላቸው። በ1999 ሌሎች ሦስት ተመራማሪዎች 8 ሺህ የሚጠጉ ሕጎችን ይዘው መጡ። ከብዙ ሙከራ ውስጥ በዕድል የሚወጣውን ቀንሰው ሲያዩ፣ በአሮጌው ዘመን ውጤቱ ሳይፈርስ ጸና። ከዚያ በኋላ በነበሩት 10 ዓመታት ግን በአሮጌው ዘመን አንደኛ የነበረው ሕግ አልሠራም። በ2016 ደግሞ ማክሊንና ፖንቲፍ በጥናት የታተሙ 97 የአክሲዮን ዋጋ መተንበያዎችን ተከታተሉ፤ የቻርት ብቻ አይደሉም፣ ሁሉም ዓይነት አለባቸው። ከታተሙ በኋላ ትርፋቸው በአማካይ በ58 በመቶ ቀንሷል። ምሥጢር የሆነ ነገር ሲወጣ ብዙ ሰው ይሻማበታል። የሚቀረው ጎልቶ የማይታይ ነው፤ ዜሮ ግን አልሆነም።

የ200 ቀኑን መስመር በሁለት ዘመን ላሳይሽ፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ኤስ ኤንድ ፒ 500 (500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የያዘው መለኪያ) በ2008 መጀመሪያ ከ200 ቀን አማካዩ በታች ወረደ። በጸደይ አንዴ ነካ ከማድረጉ በቀር እስከ ጁን 2009 ድረስ ከሥሩ ቆየ። በ2008 ብቻ ገበያው፣ ትርፍ ድርሻው ተደምሮ እንኳ፣ 37 በመቶ ከሰረ። «ከመስመሩ በታች ከሆነ እወጣለሁ» ያለ ሰው አብዛኛውን ውርጅብኝ ከውጭ ሆኖ አየው። ምክንያት ነበረው። ባንኮች ሲከስሩ ብድር የተሰበሰበባቸው ፈንዶች ለወራት ለመሸጥ ተገደዱ። የተገደደ ሰው አለ፣ ቀስ ብሎም ይሸጣል።

2020 መጣ። ኮሮና። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ዋጋው መስመሩን ወደ ታች ሲሰብር 3,000 አካባቢ ነበር። ያ ሰው ሸጠ። ማርች 23 ቀን ገበያው 2,237 ላይ ዘጋ፤ ደስ አለው። ከዚያ እንደ ወረደው ፈጥኖ ወጣና በሜይ መጨረሻ መስመሩን ወደ ላይ ተሻገረ። የት ላይ? 3,000 አካባቢ። በሸጠበት መልሶ ገዛ። በመሃሉ እንቅልፉን ተኝቷል፤ ያም አንድ ነገር ነው። ትርፍ ግን የለም። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ገብቶ የተገደዱትን ሻጮች በአንድ ሰሞን ነጻ አወጣቸው። ቀስ ብሎ የሚሸጥ ሳይኖር ቀስ ብሎ የሚሠራ መስመር ምን ይጠቅማል?

ሞመንተምም ጠማማ ቀን አለው። በ2009 ጸደይ ገበያው ከወለሉ ሲነሳ ከሁሉ በላይ የወጡት ከሁሉ በላይ የወደቁት አክሲዮኖች ነበሩ። አሸናፊ ገዝተው ተሸናፊ የሸጡ ሰዎች የዓመታት ትርፋቸውን በሁለት ሦስት ወር አስረከቡ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለ ወጪ አጭር ላድርገው። ባርበርና ኦዲን ከ1991 እስከ 1996 ከ66 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ሒሳብ አይተዋል። ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ሲሰጥ፣ ከሁሉ አብልጠው የሚገዙ የሚሸጡት ያገኙት 11.4 ነው። ዛሬ ኮሚሽኑ ዜሮ ሆኗል ትይኛለሽ። የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነቱ አለ። ግብሩም አለ። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በታች ይዘሽ የሸጥሽው ትርፍ እንደ ደመወዝሽ ይታያል። በኪሳራ ሸጠሽ በ30 ቀን ውስጥ ያንኑ መልሰሽ ከገዛሽ ደግሞ ያን ኪሳራ ለጊዜው ከግብር አታስቀንሺበትም። የደቂቃ ቻርትን ተይው። እዚያ የምትወዳደሪው ከማሽን ጋር ነው። ብራዚል ውስጥ በየቀኑ ገዝተው ከሚሸጡ ሰዎች መካከል ከ300 ቀን በላይ የጸኑት ተጠንተው፣ 97 በመቶዎቹ ከስረዋል። የነገርኩሽ ዘገምተኛ ገንዘብ የሚታየው በሳምንትና በወር ነው።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ መልሴ ለጊዜው አይ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው በጃንዋሪ 2025 ነው። መጀመሪያ የተመዘገበው ኩባንያ ወጋገን ባንክ ነው። ገና ጨቅላ ነው፤ ይህ ነቀፌታ አይደለም። ቻርት እንዲናገር ግን ብዙ ገዢና ብዙ ሻጭ በየቀኑ መጋጨት አለባቸው። የተከመረ ስቶፕ ሎስ፣ ብዙ ፈንድ፣ ብዙ ጸጸተኛ ያስፈልጋል። ጥቂት ሰው በሚገበያይበት ቦታ አንድ ልጁን ለመዳር ገንዘብ የፈለገ ባለአክሲዮን ዋጋውን ሊያወርደው ይችላል። ያን ጉድጓድ አይተሽ «ትሬንድ ተቀየረ» ብትዪ ያነበብሽው የሰውዬውን ሠርግ ነው። እዚያ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት አንብቢ፤ የተበላሸ ብድሩን፣ የትርፍ ድርሻውን፣ አዲስ አክሲዮን እያወጣ ያንቺን ድርሻ ማቅጠኑንና አለማቅጠኑን እዪ።

አሁን ወደ 11ዱ ግብይትሽ እንመለስ፤ አንድ ሥራ ልስጥሽ። ለእያንዳንዱ የገዛሽበትንና የሸጥሽበትን ቀን ጻፊ። ጎኑ ላይ በዚያው ቀን ኤስ ኤንድ ፒ 500ን ገዝተሽ በዚያው ቀን ሸጠሽ ቢሆን ስንት ታገኚ እንደነበር ጻፊ። ከዚያ በሦስተኛው ዓምድ «እዚህ ጋ የተገደደው ማን ነበር?» ለሚለው አንድ መስመር መልስ ጻፊ። ባዶ የቀሩትን ሳጥኖች ቁጠሪና ከ11 ስንት እንደሆኑ ላኪልኝ። ስለ 8ቱ የምናወራው ያን ጊዜ ነው።